ከመኪና ማቆሚያው ወዲያ

ሐሙስ ማታ፣ እራት ተበልቶ ሲነሳ፣
የመብራቱን ሂሳብ ገለበጥኩት እኔ፣ ዕዳውን ልረሳ፤
በጀርባው ላይ ጻፍኩኝ፦ «ቅዳሜ፣ ፏፏቴ»፤
ቀና ብላ አየችኝ ሳህን የያዘች ሚስቴ።

«ስንት ሰዓት እንውጣ?» «ሁለት ሰዓት ሲሆን።»
«በእኛ ነው በእነሱ? ለይልን አሁን!»
እውነቷን ነው ይርገዱ፤ ባለፈው ሰርግ ጊዜ፣ በዚችው ሁለት ጦስ፣
ኬኩ ተቆርሶ አልቆ፣ ሙሽሮቹ ሄደው ነበር እኛ እስክንደርስ።
«በእኛ» ብዬ ጻፍኩኝ፣ አሰመርኩ ደግሜ፤
ሳይሞላ እንድረስ፤ ሰው ያጥለቀልቀዋል ቦታውን ቅዳሜ።

መንገዱን ለኔ ተዉት።
ከፖርትላንድ ወጥቶ፣ በደቡብ አውራ ጎዳና፣
ዉድበርን ሲደርሱ ወደ ግራ ታጥፎ፣ ቀጥሎም እንደገና፤
የገና ዛፍ እርሻ፣ እንደ ተማሪ ሰልፍ ቀጥ ብሎ የቆመ፣
ሲልቨርተን፣ ድልድዩ፣ ነዳጅ ማደያው፣ ታፔላው ያዘመመ፤
ከዚያ ጠመዝማዛ ነው። ልጅቷን ከኋላ ከሆነች ያስመልሳታል፤
ፌስታል ይያዝ። ዝንጅብልም ይረዳታል።
ማቆሚያው ይከፈላል፤ ካርድ ይቀበላል ማሽኑ፤
ሽንት ቤት በስተቀኝ፤ ሰልፉ ይረዝማል ሲረፍድ ቀኑ።
ከታች ስልክ አይሠራም፣ ካርታው ዛሬ ማታ ይውረድ፤
ውሻ አይፈቀድም በገደሉ መንገድ።
(ውሻ የለንም። ግን ሁሉም ይጠይቀኛል፤ ስለለመድኩት ጻፍኩት።)

ይርገዱ በበኩሏ ከሥር ትደረድራለች፦
ፎጣ፣ ትርፍ ካልሲ፣ ፍርፍር በምሳ ዕቃ፤ «እንቁላል እቀቅላለሁ» አለች።
«ከመቶ ሰባ እጅ ዝናብ ነው» አለችኝ ስልኳን አይታ፤
«ውሃ ልናይ ሄደን ውሃ ልንፈራ ነው?» አልኳት፤ ሳቀች፣ ስልኳን ዘግታ።

ያኔ ነው ኤልዳና ከሶፋው ጫፍ ብቅ ያለች፤
«አባዬ፣ ከአሥሩ ፏፏቴ የቱ ነው የሚያምረው?» አለች።

እርሳሱ ቆመ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ቱሪስት በቫን ሳመላልስ፣
አውርጄ ስጠብቅ፣ ተሰብስበው እስኪመለሱ ድረስ፣
ሞተር አጥፍቼ፣ ወንበር አጋድሜ፣
ሬዲዮ ስሰማ፣ ስተኛ፣ ስነቃ፣ ሳፋሽክ ደጋግሜ፣
ከዛፉ ወዲያ የሆነ ነገር ያጉረመርማል፤
እንደ ጎረቤት ጠብ ነው፣ ቃሉ ሳይለይ ድምፁ ይሰማል።

ፏፏቴን የማውቀው ከሰው ፊት ላይ ነው።
ፀጉሩ የራሰ ሰው፣ መነጽሩ ጉም የለበሰ፣
ሲወርድ ጮክ ብሎ ያወራ፣ ድምፁን ቀንሶ የተመለሰ።
አንዴ አንድ ሽማግሌ፣ ከውሃው ጀርባ አልፈው፣
ቀዝቃዛ መዳፋቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው፣
ምንም አላሉኝም።
እስከ ከተማ ድረስ ሸሚዜ አልደረቀም።

«አላየሁም» አልኳት።
«ስንቴ ሄደህ?»
«እንጃ። ሁለት መቶ ጊዜ።»
ልትስቅ ጀመረችና መሀል ላይ ተወችው፤
ይርገዱ ከማጠቢያው «የዓባይን ልጅ…» ብላ፣ ተረቱን ዋጠችው።

ምን ልበላቸው? ሥራ ነው። ከወረድኩ መኪናውን ማን ይጠብቃል?
እግሩን አሞት ቀድሞ ለተመለሰ ሰው፣ በሩን ማን ይከፍታል?
እንዲህ ነው የምለው። እውነትም ነው ደግሞ፣ በአንድ ወገን።
በሌላው ግን፣ ሰው የከፈለበትን
በነጻ ማየት አሳፍሮኝ ነበር መሰለኝ።

ኤልዳና እርሳሱን ከእጄ ወሰደች፤
ከዝርዝሩ አናት፣ ከፎጣው ከካልሲው በላይ፣ አንድ መስመር ጻፈች፤
ፊደሏ ይንጋደዳል፤ «ር»ን «ረ» አድርጋለች፦
«አባዬ ይወረዳል።»
አላረምኳትም።

ሁሉም ሲተኛ በሩ ሥር ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አየሁት፤
ጥቁር የሥራ ጫማ፣ ድንጋይ ያልረገጠ፣ ጭቃ ያላስነካሁት፤
ሶሉ እንደተገዛ ነው፣ ጥርሱ አልተፋቀ፤
በነዳጅ መርገጫው፣ የቀኙ ብቻ ነው ተረከዙ ያለቀ።